ሮን ዋሽንግተንን በአንድ ሌሊት ብቻ መመዘን ይብቃን

የአርሊንግተን ደጋፊ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ዳላስ አካባቢ ያለን የቴክሳስ ሬንጀርስ ቤዝቦል ክለብ ደጋፊዎች የቀድሞው ማናጀራችን (ዋና አሰልጣኛችን) የሮን ዋሽንግተን ስም በተነሳ ቁጥር ወሬያችን ኦክቶበር 27፣ 2011 ላይ ይቆማል። የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ስድስተኛው ጨዋታ፣ ኔልሰን ክሩዝ፣ በላዩ ያለፈችው ኳስ፣ አለቀ። እኔ ግን ይህ ሰው ከዚያ ሌሊት በፊትና በኋላ የሠራው ይበልጥብኛል። በአማርኛ በቅጡ የተጻፈ ነገር ስላላየሁ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው፤ የምታውቁ ጨምሩበት።

ዋሽንግተን የተወለደው በ1952 ኒው ኦርሊንስ ነው፤ ከአሥር ልጆች አንዱ። ያደገውም ዴዛየር በሚባለው የድሃ ሰፈር ነው። በዚያን ጊዜ የካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ባለቤት ዩዊንግ ካውፍማን ማንም ያልሞከረውን ነገር ጀምሮ ነበር። ሳራሶታ፣ ፍሎሪዳ ላይ አካዳሚ ከፍቶ ሌላው ክለብ ዞር ብሎ ያላያቸውን ቀልጣፋ ልጆች እየሰበሰበ ቤዝቦልን ከሀ ሁ ጀምሮ ያስተምር ነበር። ዋሽንግተን በ1970 በሙከራ ተፈትኖ የገባው እዚያ ነው። ስምንት ጎልድ ግላቭ (በየቦታው ምርጥ ለተከላከለ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት) የወሰደው ፍራንክ ኋይትም የዚሁ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። አካዳሚው ብዙ ሳይቆይ በ1974 ተዘጋ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዋሽ ጨዋታውን የተማረው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው ተነጥሎ በሚሰጥበት ቦታ ነው። ቆይቶ ሌሎችን ያስተማረውም በዚያው መንገድ ነው።

ተጫዋችነቱ ግን እሾህ የበዛበት ነበር። ሮያልስ ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው ሊግ) ሳያደርሱት በ1976 መጨረሻ ለዶጀርስ ሰጡት። ሴፕቴምበር 1977 ላይ ተጠርቶ በ10 ጨዋታ 19 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 7 ሂት (ቤዝ ያስያዘ ምት) መታ። ቦታውን ያዘ ሲባል ጉልበቱን ተጎዳና ተመልሶ ማይነር ሊግ (የበታቹ ሊግ) ገባ። ሜጀር ሊግን እንደገና ያየው በ1981 በሚኒሶታ ትዊንስ ማሊያ ነው፤ ያኔ ዕድሜው 29 ሆኗል። እስከ 1986 እዚያ ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሻንጣ መሸከፍ ነው፦ 1987 ባልቲሞር፣ 1988 ክሊቭላንድ፣ 1989 ሂውስተን። ሾርትስቶፕም፣ ሰከንድ ቤዝም፣ ሰርድ ቤዝም (ሁሉም የኢንፊልድ፣ ማለትም የውስጠኛው ሜዳ ቦታዎች ናቸው)፣ የጎደለበት ሁሉ ይሰለፋል። ጠቅላላው ሲደመር 564 ጨዋታ፣ በአማካይ .261 (ከሺህ ሙከራ 261 ሂት እንደማለት)፣ 20 ሆም ራን (ከሜዳው የወጣ ምት)። ስሙን ማንም የማያስታውሰው ተጫዋች ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ባቱን ሰቅሎ በሜትስ ማይነር ሊግ ቡድኖች ውስጥ አምስት ዓመት ልጆችን አሰለጠነ፤ ማናጀርም ሆኖ ሠርቷል። በ1996 ኦክላንድ አትሌቲክስ አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። እዚያ 11 ሲዝን ከቆየ በኋላ በ2006 መጨረሻ፣ በ54 ዓመቱ፣ ሜጀር ሊግ ቡድን መርቶ የማያውቀውን ሰው ሬንጀርስ ማናጀር አደረገው። ውጤቱን የምታውቁት ነው፤ 2010 እና 2011 የአሜሪካን ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ዋንጫ፣ 664 ድል። በክለቡ ታሪክ ከዚህ በላይ ያሸነፈ ማናጀር የለም።

የኔ ነጥብ ይህ ነው። ዋሽንግተን ከሁሉ በላይ መምህር ነው፤ ሥራውም የሚታየው በልጆቹ እጅ ላይ ነው። እሱን በአንድ ኳስ ብቻ መዝነን ስንጥለው ትልቁን ነገር እናጣለን።

---

የኦክላንዱ

ጥሩ አድርገህ ጀምረኸዋል ወንድሜ። የኛን ዘመን በአንድ መስመር ማለፍህ ግን አላስቻለኝም።

በነዚያ ዓመታት ኮሊሲየም (የኦክላንድ ስታዲየም) ቀደም ብለን እንገባ የነበርን ሰዎች የሆም ራን ልምምዱን ትተን ዋሽን ነበር የምናየው። ኢንፊልዱ ጠርዝ ላይ ተጫዋቹን በጉልበቱ ያንበረክከዋል። ራሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አጭሯን ፋንጎ ባት (የልምምድ መምቻ ዱላ) ይዞ፣ ኳሷን መሬት ለመሬት ይልክበታል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ ጉልበቱ ሥር ነጥራ የምትነሳ። ተጫዋቹ እጅ ላይ ያለው ጓንት የሕፃን የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ኳስ በውስጧ አታርፍም። እጅህ ለስላሳ ካልሆነ ተፈናጥራ ትሄዳለች። ዋሽ መናገሩን አያቆምም፤ ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይመታል። ፀሐይ ይሁን ብርድ፣ ቡድኑ ትናንት አሸንፎ ይሁን ተሸንፎ፣ ያው ነው።

ውጤቱን ደግሞ እዩት። ኤሪክ ቻቬዝ ሲመጣ የተባለለት በመምታቱ ነበር። ከ2001 እስከ 2006 በተከታታይ ስድስት ጎልድ ግላቭ ወሰደ፤ የ2004ቱን ሽልማት እንዳለ አንስቶ ለዋሽንግተን ሰጠው። «ዋሽ፣ ያለ አንተ አይሆንም ነበር» የሚል ቃል ጽፎበታል። ተጫዋች ገንዘብ ይሰጣል፣ ሰዓት ይሰጣል፤ ጎልድ ግላቭ የሰጠ ሌላ ሰው ካለ ንገሩኝ። ስካት ሃተበርግ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ካቸር (ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳስ የሚቀበል) የነበረ፣ ክንዱ የተጎዳ ሰው ነው። በ2002 ፈርስት ቤዝ እንዲጫወት ለዋሽ ተሰጠው። እሱም አስተምሮት፣ በዚያው ዓመት ቡድኑ 20 ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፍ ሃያኛውን በሆም ራን የጨረሰው ሃተበርግ ነው።

በ2015 ተመልሶ ሲመጣ ያደረገውስ? ማርከስ ሰሚየን ሾርትስቶፕ ላይ በዚያ ዓመት 35 ኤረር (የመከላከል ስህተት) ሠራ፤ ከሊጉ ሁሉ የበለጠ። ሰው ሁሉ ቦታው ይቀየርለት ይል ነበር። ዋሽ ግን ይዞት በየቀኑ ሠራ። ሰሚየን በ2021 በቶሮንቶ ማሊያ ሰከንድ ቤዝ ላይ ጎልድ ግላቭ ወሰደ።

---

ስታት ተመልካች

መምህርነቱን ማንም አልካደም። ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እያደባለቃችሁ ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በ4 ሰዓት ማስተማር አንድ ነው፤ ማታ በ10 ሰዓት መወሰን ሌላ ነው። እኔ የምለው ሁለተኛው ላይ ደካማ ነበር ነው፤ ማስረጃም አለኝ።

ከ2010 ወርልድ ሲሪስ ልጀምር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ። በናሽናል ሊግ (በሌላኛው ክፍል) ሜዳ ዲኤች (ሳይከላከል ለመምታት ብቻ የሚሰለፍ ሰው) ስላልነበረ ቭላዲሚር ገሬሮን ራይት ፊልድ አሰለፈው። ጉልበቱ ያለቀ ሰው ሁለት ኤረር ሠርቶ 11 ለ 7 ተሸነፉ። በሁለተኛው ጨዋታ ስምንተኛው ኢኒንግ (ከዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች አንዱ) ላይ 2 ለ 0 እየተመሩ ወርዋሪውን ዴሪክ ሆላንድን አስገባው። ሆላንድ 13 ኳስ ወርውሮ 12ቱ ቦል (ከዒላማው ውጭ) ሆነው ለሦስት ሰው በተከታታይ ዎክ (ነጻ ቤዝ) ሰጠ። ምርጡ የመዝጊያ ወርዋሪ ኔፍታሊ ፌሊዝ ግን እዚያው ተቀምጧል። 9 ለ 0 አለቀ። ያን ዋንጫ በ5 ጨዋታ ያነሳው የሳን ፍራንሲስኮው ማናጀር ብሩስ ቦቺ ነው፤ እሱም ተጠባባቂ ካቸር የነበረ፣ እንደ ዋሽ ተጫዋችነቱ ያልታወቀለት ሰው። ስለዚህ ዝቅ ካለ ቦታ የመጣ ሰው አይችልም እያልኩ አይደለም።

አሁን ከሴንት ሉዊስ ጋር ወደ ተደረገው የ2011 ስድስተኛው ጨዋታ። ሬንጀርስ 7 ለ 5 ይመራል፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት፣ ሁለት ስትራይክ፣ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ። አንድ ስትራይክ ብቻ ቀርቶ ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን ወርልድ ሲሪስ ሊያነሳ ነው። ራይት ፊልድ ላይ ያለው ክሩዝ ነው፤ በመከላከል ከሱ በብዙ የሚሻለው ኤንዲ ቻቬዝ ዳጋውት (የተጠባባቂዎች ወንበር) ውስጥ ተቀምጧል። ቡድንህ እየመራ ከሆነ የሚመታውን አውጥተህ የሚይዘውን ታስገባለህ፤ ይህ የአንደኛ ክፍል ትምህርት ነው። የሴንት ሉዊሱ ዴቪድ ፍሪስ መታት፣ ክሩዝ ዘገየ፣ ኳሷ ግድግዳውን መታች፣ 7 እኩል ሆነ። አሥረኛው ላይ ጆሽ ሃሚልተን ሆም ራን መትቶ 9 ለ 7 አደረሳቸው፤ እንደገና ሁለት አውት፣ እንደገና ሁለት ስትራይክ፣ ላንስ በርክማን አቻ አደረገው። አሥራ አንደኛው ላይ ያው ፍሪስ ሆም ራን መትቶ 10 ለ 9። ሰባተኛው ጨዋታ ያው እንደተጠበቀው ሽንፈት ሆነ።

ያቺን ኳስ መያዝ የክሩዝ ድርሻ ነው። ክሩዝን እዚያ ያስቀመጠው ግን ዋሽንግተን ነው።

---

የአርሊንግተን ደጋፊ

ስታት፣ የጻፍከው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ አልከራከርህም። እኔም ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሁለት ነገር ግን ጨምርበት።

አንደኛ፣ ክሩዝ በዚያው ኦክቶበር ዲትሮይትን ሲያሸንፉ ስድስት ሆም ራን መትቶ የተከታታዩ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው፤ በዚያው ሌሊትም በሰባተኛው ኢኒንግ ሆም ራን መትቷል። ጨዋታው አቻ ቢሆን ቀጥሎ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። አቻም ሆነ፤ ዋሽ እሱን ሜዳ ላይ ያቆየው ለዚህ ይመስለኛል። ውሳኔው ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳያስብ ያደረገው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይህ ቡድን እዚያ እንዴት ደረሰ? 2007 ላይ 75 ድል፣ 2008 ላይ 79፣ 2009 ላይ 87፣ 2010 ላይ 90፣ 2011 ላይ 96። በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ። ክለቡ በ1961 ዋሽንግተን ዲሲ ከተመሠረተ ጀምሮ፣ በ1972 ወደ አርሊንግተን ከመጣም በኋላ፣ 2010 እስኪደርስ አንድም የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ወደ ዋንጫው የሚወስደው ጥሎ ማለፍ) ዙር አሸንፎ አያውቅም ነበር። ለውጡ የጀመረው ደግሞ ከኢንፊልዱ ነው። በ2009 የ20 ዓመት ልጅ የሆነውን ኤልቪስ አንድረስን ከደብል ኤ (ከማይነር ሊግ ደረጃዎች አንዱ) አምጥተው ሾርትስቶፕ አደረጉት፤ የዚያ ቦታ ጎልድ ግላቭ ያዥ ማይክል ያንግ ወደ ሰርድ ቤዝ ተገፋ። ያንግ ተቆጥቶ ልቀቁኝ እስከማለት ደርሶ ነበር። ሁለቱንም ይዞ በጉልበታቸው ያንበረከከው፣ ሰላምም ያወረደው ዋሽ ነው። ማናጀር ሆኖም ፋንጎዋን ከእጁ አልጣለም።

---

ጋሽ ፎርት ዎርዝ

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ እዚህ አገር ተማሪ ሆኜ ከመጣሁ ብዙ ዘመን ነው፤ ሬንጀርስ ቴክሳስ ሲገባ በ1972 ነበርኩ። የመጀመሪያው ማናጀር ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ቴድ ዊልያምስ። በ1941 .406 የመታ፣ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ ማንም ያልደገመው ሰው። ምናልባት ከሁሉ በላይ መምታት የቻለው ሰው እሱ ነው። ያ ቡድን በዚያ ዓመት 54 አሸንፎ 100 ተሸነፈ። ዊልያምስም ወጣ፤ ዳግመኛ ማናጀር አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል። የሚችል ሰው እንዴት እንደሚችል አያውቀውም። ኳሷን ያያታል፣ ይመታታል፤ ሌላው ለምን እንደማያያት አይገባውም። ዋሽንግተን ግን ለሃያ ዓመት ያህል እንዳይባረር ሲታገል የኖረ ነው። እግር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጓንት መቼ እንደሚከፈት፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ መማር ነበረበት፤ ስለዚህ ቆጥሮ ማስተማር ይችላል። ዋልተር አልስተንን አስቡት፤ በሜጀር ሊግ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ ስትራይክ አውት የሆነ ሰው ነው፤ ለዶጀርስ አራት ወርልድ ሲሪስ አመጣ። ስፓርኪ አንደርሰን አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ .218 ነው የመታው። ኧርል ዊቨር ጭራሽ አልደረሰም። ሦስቱም የታላላቆች አዳራሽ ገብተዋል።

---

ስታት ተመልካች

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ዊልያምስ ቡድኑ ገና ዲሲ እያለ በ1969 ሲረከብ ያደረገውንም መናገር አለብን። በዚያ ዓመት 86 አሸንፈው የዓመቱ ማናጀር ተባለ፤ መቺዎቹ ሁሉ ተሻሽለዋል። ስለዚህ ማስተማር ይችል ነበር ማለት ነው። እየቆየ የሄደው ትዕግሥቱ ነው። ጆ ቶሪም በ1971 ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የነበረ ኮከብ ሆኖ ለያንኪስ አራት ዋንጫ አምጥቷል። ልዩነቱ በኮከብነትና በተራነት ያለ አይመስለኝም።

---

ጋሽ ፎርት ዎርዝ

ትዕግሥት ነው ያልከው? እንግዲያው ተስማምተናል ልጄ። ትዕግሥትን ወንበር ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ዋሽንግተን በ1988 ክሊቭላንድ እያለ የሚልዋኪው ወርዋሪ ኦዴል ጆንስ ኖ ሂተር (አንድም ሂት ያልተመታበት ጨዋታ) ሊጨርስ ሁለት አውት ሲቀረው፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ፣ ከዳጋውት ተነስቶ ገብቶ ሂት መታበት። ስምንት ኢኒንግ ሙሉ ቁጭ ብለህ፣ ሰውነትህ ቀዝቅዞ፣ ተነስ ስትባል ዝግጁ መሆን። ያን ያደረገ ሰው በኋላ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ እንዴት እንደሚያናግረው ያውቃል።

---

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ቤዝቦል የጀመርኩት በልጄ ምክንያት ነው፤ አሥር ዓመቱ ነው፣ ሾርትስቶፕ ይጫወታል። መሬት ለመሬት የምትመጣውን ኳስ ይፈራታል፤ ፊቱን ያዞራል። አሰልጣኙ «አትፍራ» ከማለት ሌላ የሚለው የለም። የኦክላንዱ፣ ያ የጉልበት ልምምድ ለልጅ ይሆናል? እንዴት እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ ብትነግረኝ። ባለቤቴም እኔም ባት ይዘን አናውቅም።

---

የኦክላንዱ

ምን ይቅርታ አለው እህቴ! ከዚህ ሁሉ ክርክር የሚጠቅመው ይህ ነው። ባትም አያስፈልግሽም፤ በእጅሽ ማንከባለል ይበቃል።

ለስላሳ ኳስ ይዘሽ ጀምሪ፤ የጎማ ወይም የቴኒስ ይሁን። ልጁን ሣር ላይ በሁለት ጉልበቱ አንበርክኪው፣ ያለ ጓንት። አንቺም ከፊቱ አራት አምስት እርምጃ ርቀሽ ተንበርከኪ። መንበርከኩ እግሩን ከሥራው ያወጣዋል፤ የሚቀረው እጅና ዓይን ብቻ ነው። እጆቹን ከሰውነቱ ፊት አውጥቶ፣ መዳፉን ከፍቶ፣ መሬት አስነክቶ ይጠብቅ። ቀስ ብለሽ አንከባልይለት። የምታይው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳሷን የሚይዛት ዓይኑ ፊት ነው ወይስ ሆዱ ሥር? ዓይኑ ፊት ከሆነ ኳሷ እጁ ውስጥ ስትገባ ያያታል፤ የሚያያትን ነገር አይፈራም። ሆዱ ሥር ሲሆን ግን የመጨረሻዋን ቅጽበት አያይም፤ ፊቱን የሚያዞረው ለዚያ ነው።

ያ ሲለምድ ትንሽ እያነጠርሽ ላኪለት፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ዋሽ ተጫዋቾቹን ኳሷን እየጠበቁ እንዳይቆሙ፣ እጃቸው ወደሷ እንዲሄድ ይገፋፋቸዋል። ለልጅሽ «ኳሷ እስክትመጣ አትጠብቃት፣ ሄደህ ተቀበላት» በይው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። ጓንቱን በኋላ ጨምሪለት፣ መቆሙን ደግሞ ከሁሉ በኋላ።

---

ቃለ ሕይወት ሰፈር

ሁላችሁም አንድ ጉዳይ እየዘለላችሁ ነው። ሰውየው ኮኬይን ተገኝቶበታል። በ2009 ተመርምሮ፣ በማርች 2010 ወሬው ወጣ። እዚህ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ስላሉ መነገር አለበት። በ2014ም ከሬንጀርስ የለቀቀው በግል ሕይወቱ ነው፤ 42 ዓመት አብራኝ ለኖረችው ባለቤቴ ታማኝ አልነበርኩም ብሎ ራሱ በጋዜጠኞች ፊት ተናግሯል። መምህር ስንል ምን ማለታችን ነው?

---

የአርሊንግተን ደጋፊ

መነሳቱ ተገቢ ነው፤ የዘለልኩት ደብቄ ሳይሆን ክርክሩ ወደዚያ ስላልሄደ ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ምርመራው ውጤቱ ሳይመጣ በፊት ዋሽንግተን ራሱ ለክለቡ ሄዶ ተናገረ፤ ሥራውንም ልልቀቅ አለ። ፕሬዚዳንቱ ኖላን ራያንና ጄኔራል ማናጀሩ ጆን ዳንኤልስ አልተቀበሉትም። ወሬው ሲወጣ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ይቅርታ ጠየቀ። ያ የተቆጣው ማይክል ያንግ በአደባባይ አብሮት ቆመ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ወደ ወርልድ ሲሪስ ሄደ።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። የዚያ ቡድን ኮከብ ጆሽ ሃሚልተን ከሱስ ጋር የሚታገል ሰው ነበር። በዚያ ኦክቶበር ሲያሸንፉ ጓደኞቹ ሻምፓኝ ትተው ጂንጀር ኤል ነበር የተረጫጩት፣ እሱ ከደስታው ተለይቶ እንዳይቀር። እንዲህ ያለ ክፍል በአጋጣሚ አይፈጠርም። መሪው ራሱ መውደቅን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያመጣው ነው ብዬ አምናለሁ።

---

ቃለ ሕይወት ሰፈር

ጂንጀር ኤሉን አላውቅም ነበር። እሺ። የ2014ቱ ግን ለኔ አሁንም ከባድ ነው። ቡድኑ 53 አሸንፎ 87 ተሸንፎ፣ ሲዝኑ ሳያልቅ ነው ጥሎ የሄደው።

---

አትላንታ ዴካልብ

ከዚህ ከአትላንታ ሰው መጥፋቱ ያሳፍራል! ዋሽ ከ2017 እስከ 2023 የብሬቭስ ሰርድ ቤዝ አሰልጣኝ ነበር፤ ለኔ ከሬንጀርስ ዘመኑ ይልቅ ይሄኛው ይበልጣል። ማናጀር ነበርኩ ብሎ ሳይኮራ፣ በ65 ዓመቱ ተመልሶ ሰርድ ቤዝ አጠገብ ቆመ። ሯጩን ወደ ሆም (ነጥብ ወደሚቆጠርበት ቤዝ) ሲልከው ክንዱን እንዴት እንደሚያሽከረክር አይታችሁ እንደሆነ፣ ሙሉ ሰውነቱ ነው የሚሮጠው።

ኦዚ አልቢስ፣ ዳንስቢ ስዋንሰን፣ ኦስቲን ራይሊ፣ ፍሬዲ ፍሪማን፣ ሁሉም በየቀኑ አብረውት ሠርተዋል። ፍሪማን በ2018፣ ስዋንሰን በ2022 ጎልድ ግላቭ ወስደዋል። ራይሊን በተለይ ተመልከቱ፤ ሲመጣ በሰርድ ቤዝ አይቆይም፣ ወደ ሌፍት ፊልድ ይሂድ የተባለ ግዙፍ ልጅ ነበር። በ2021 እዚያው ሰርድ ቤዝ ላይ ቆሞ ሂውስተንን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን አነሳን። ከሴንት ሉዊስ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ69 ዓመቱ፣ ዋሽ ቀለበቱን አገኘ። የመጀመሪያው ነው።

ስታት፣ አንተ ማታ በ10 ሰዓት የሚወሰነው ነው ዋጋ ያለው ትላለህ። ማታ በ10 ሰዓት ራይሊ የሚይዛት ኳስ ከሰዓት በኋላ በ4 ሰዓት የተያዘች ናት።

---

ስታት ተመልካች

አትላንታዎች ደስ ይበላችሁ፣ ይገባዋል። እኔም እሱ ቀለበት ሲያገኝ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የአንተ ምሳሌ የኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው፤ ምርጡ ሥራው አሰልጣኝ ሆኖ የሠራው ነው፣ ማናጀር ሆኖ ግን ሌላ ሰው ነው።

2012ን እዩ። ሬንጀርስ ዘጠኝ ጨዋታ ሲቀር ምድባቸውን በ5 ጨዋታ ይመሩ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን መሪነቱን ለኦክላንድ አስረከቡት፣ ከዚያ በአንዲት የዋይልድ ካርድ (ምድባቸውን ያላሸነፉ የሚገናኙበት) ጨዋታ ለባልቲሞር ወደቁ። በ2013 አላፊውን ለመለየት በተጨመረው 163ኛ ጨዋታ ለታምፓ ተሸነፉ። ከዚያ ኤንጀልስ ማናጀር አድርገውት በ2024 63 አሸንፈው 99 ተሸነፉ፤ እስከዚያ ድረስ ክለቡ በታሪኩ በአንድ ሲዝን ያን ያህል ተሸንፎ አያውቅም። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ተጫዋቹ ሉዊስ ጊዮርሜ ስኩዊዝ ባንት (ሯጩ ሆም እንዲደርስ ኳሷን በዱላ ቀስ ብሎ መንካት) ሳይሳካለት ሲቀር፣ ዋሽንግተን በጋዜጠኞች ፊት ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ሥራውን ያልሠራው እሱ ነው አለ። ለመምህር ይህ አይመጥንም። ልጁን በር ዘግተህ ትነግረዋለህ።

---

ጋሽ ፎርት ዎርዝ

በዚህኛው እስማማለሁ። ተማሪን በሰው ፊት ማዋረድ ጥሩ አይደለም። እዚያ ላይ ዋሽንግተን አልተወደደልኝም።

ያም ሆኖ ኤንጀልስን ሲረከብ 71 ዓመቱ ነበር። ኮከቡ ሾሄ ኦታኒ ለቆ ለዶጀርስ ፈረመ፣ ሌላው ኮከብ ማይክ ትራውትም ኤፕሪል ላይ ጉልበቱ ተቀዶ የቀረውን ዓመት ወጣ። እንዲያም ሆኖ በሊጉ ትልቁ አዛውንት ማናጀር ሆኖ በየቀኑ ከወጣቱ ሾርትስቶፕ ዛክ ኔቶ ጋር መሬት ላይ ነበር። በጁን 2025 ታመምኩ ብሎ ወጣ፤ ልቡ በአራት ቦታ ባይፓስ ተደርጎለት፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ክለቡ አላስቀጠለውም። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ጎንበስ ቀና ማለትን እኔም በዕድሜ ስለምቀርበው አውቀዋለሁ።

---

የኦክላንዱ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን፣ ለእሱም ለእርስዎም።

ስታት፣ ባይሆን በዚህ እንለያይ። 2012 እና 2011ን መልሰህ የምታነሳው ቡድኑ እዚያ ድረስ ስለደረሰ ነው። ከሱ በፊት የነበሩት የሬንጀርስ ማናጀሮች በኦክቶበር የሚወቀሱበት ጨዋታ አልነበራቸውም፤ ሦስት ጊዜ ገብተው ሦስቱንም በመጀመሪያው ዙር ወጥተዋል።

---

ስታት ተመልካች

ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ኤንዲ ቻቬዝን አያስነሳውም። ክሩዝ መውጣት ነበረበት።

---

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

የኦክላንዱ፣ ልምምዱን ጀምረናል። የቴኒሷን ኳስ አሁን ፊቱን ሳያዞር ይይዛታል፤ ትንሽ ወንድሙም ተንበርክኮ ተራ ይጠብቃል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። በግራ በኩል ስትመጣ እጁን ብቻ ይልካል ወይስ ሰውነቱም ይዙር? ጓንቱንስ መቼ ልስጠው?

---

የኦክላንዱ

በጣም ደስ ብሎኛል! በጉልበቱ እያለ እጁን ብቻ ይላክ፤ ትከሻው ወደ አንቺ እንደዞረ ይቆይ። ሰውነት ማዞሩን ሲቆም ይማረዋል። ጓንቱን ደግሞ ኳሷን በሁለት እጁ አጨብጭቦ መያዙን ትቶ በአንድ እጁ በለስላሳው ሲቀበላት ስጪው። የሱን ትልቅ ጓንት ሳይሆን የታናሹን ትንሿን አድርጊለት። ኳሷ እያመለጠች ብትሄድ አትደንግጪ፣ የትንሿ ጥቅም እሱ ነው። እውነተኛዋን ኳስ ከዚያ በኋላ አምጪ፣ ርቀቱንም ያኔ አትጨምሪ፤ አንዱን ስታከብጂ ሌላውን እንዳለ ተዪው።